አራቱም ናቸው ወይስ አንዱ?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ይህ ብሂል በሽታውን ስለሚሰውረው ሰው ይናገራል እንጂ በሽታውን ሳያውቅ ወደ መድኃኒት ቤት ስለሚሮጠው ሰው የሚለው ነገር የለም። የዛሬው ጽሑፋችን የሚያተኩረው በዚህ በሁለተኛው ሰው ላይ ነው። ውድ አንባቢያን፣ ጣታችንን በሌላ ላይ ከመቀሰራችን በፊት አስቀድመን እንናዘዝ፤ ይህ ሰው እኛው ራሳችን ነን።

ታሪኩ የአንዲት አሮጌ መኪና ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ልንከራከርበት የተነሣነው ጉዳይ ከመኪናዋ ይሰፋል። ተማሪዎቻችንን ቀመር እናስተምራቸዋለን፤ የአንድን ብልሽት መንስኤ አንድ በአንድ እያጣሩ የሚደርሱበትን የአስተሳሰብ ሥርዓት ግን በሚገባ አላስተማርናቸውም። ይህን ሥርዓት እኛ ከላብራቶሪያችን ይልቅ በአንድ ጋራዥ ውስጥ አገኘነው።

መኪናዋና ሕመሟ

ከአባታችን የወረስናት፣ እ.ኤ.አ. የ1966 ሞዴል የሆነች፣ ባለ 1300 ቮልስ አለችን። ቮልስ ለሀገራችን እንግዳ አይደለችም። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ለአሥርተ ዓመታት ስትመላለስ ኖራለች፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስ ነበር። የዚህች ባለ ክብ ጀርባ መኪና የመጨረሻዋ ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል።

ሞተሯ ከኋላ የተቀመጠ፣ በውኃ ሳይሆን በአየር የሚቀዘቅዝ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በቀኝና በግራ ተጋድመዋል፤ በቀኝ አንደኛውና ሁለተኛው፣ በግራ ሦስተኛውና አራተኛው። ለአራቱም ቤንዚንና አየር አዋሕዶ የሚያቀርበው አንድ ካርቡረተር ነው። ኮምፒዩተር የለበትም፤ ክፍሎቹ በዓይን ይታያሉ፣ በእጅም ይዳሰሳሉ። ለፊዚክስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህች መኪና ታመመች። ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ መላ አካሏ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ዳገት ላይም ጉልበት አነሳት። እኛም ከውጭ ሀገር ይዘነው የመጣነው የዶክትሬት ዲግሪ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው ብለን ተነሣን።

ብልህ የመሰለው ስሕተት

መልሱን ለማግኘት አንድ ሌሊት እንኳ አልፈጀብንም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ አየሯ ስስ ነው። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት በዚህ ከፍታ የአየር እፍግታ በባሕር ጠለል ካለው 79 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ካርቡረተር ደግሞ የሚሠራው በታወቀ መርሕ ነው፤ አየር በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ የግፊቱም ልዩነት ቤንዚኑን በቀዳዳው በኩል ይስበዋል። ለአንድ ዓይነት የግፊት ልዩነት፣ በሴኮንድ የሚያልፈው የአየርም ሆነ የቤንዚን መጠነ ቁስ እንደየእፍግታቸው ስኩዌር ሩት ይወሰናል። የቤንዚን እፍግታ በከፍታ ምክንያት አይቀንስም፤ የአየር ግን ይቀንሳል። ስለዚህ 1 ለ0.79 ስኩዌር ሩት ሲካፈል 1.125 ይሆናል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡረተር አዲስ አበባ ላይ ከአየሩ አንጻር 12 በመቶ ገደማ የበዛ ቤንዚን ይሰጣል ማለት ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው፤ ዛሬም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብንጽፈው አናፍርበትም። በእርሱ ተማምነን ከመደበኛው የጠበበች ዋና ጄት በውጭ ሀገር በሚኖር ዘመድ በኩል አስመጣን። ጄት የምንላት የቤንዚኑን መጠን የምትወስን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ናስ ናት። አንድ ቅዳሜ ጄቷን ቀየርን፤ በዚያው እጃችን ካንዴላዎቹን፣ ፑንቲናውንና ኮንደንሰሩንም አደስን። መኪናዋ ተነሣች፤ እንደ ቀድሞዋም ተንቀጠቀጠች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ስሕተታችን አንድ አልነበረም። በመጀመሪያ ደረጃ ስሌቱን ጀመርነው እንጂ አልጨረስነውም። ቤንዚን ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል ከ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን ጋር 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ቁጥር ለ1.125 ብናካፍለው 13 ገደማ እናገኛለን። በዚህ መጠን የተዋሐደ ቤንዚንና አየር ደግሞ ደኅና አድርጎ ይቃጠላል፤ እንዲያውም ሞተር ከፍተኛውን ጉልበት ከሚሰጥበት መጠን ብዙም አይርቅም። ቤንዚን ይባክናል፤ ሞተር ግን በዚህ ምክንያት አይንቀጠቀጥም። በሁለተኛ ደረጃ ዋናዋ ጄት በሚኒሞ ጊዜ ሥራዋ እምብዛም ነው፤ ለሚኒሞ የተለየ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ከሁሉም የከፋው፣ አራት ነገሮችን በአንድ ጊዜ መቀየራችን ነው። መኪናዋ ድና ቢሆን ኖሮ ያዳናት የትኛው እንደ ሆነ አናውቅም ነበር። ስላልዳነችም፣ ከአዲሶቹ ክፍሎች አንዱ ሌላ ችግር አምጥቶ እንደ ሆነ ማወቂያ አልነበረንም።

የመካኒኩ ጥያቄ

በመጨረሻ መኪናዋን ወደ አንድ አዛውንት መካኒክ ወሰድናት። የከፍታውን ነገር ከነስሌቱ አስረዳናቸው። በትዕግሥት አዳመጡን። ከዚያም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ዶክተር፣ የታመሙት አራቱም ናቸው ወይስ አንዱ?» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ጥያቄው ራሱ ከአእምሯችን አልገባም ነበር።

ሞተሩን በሚኒሞ አስነሥተው፣ እጀታው በተሸፈነ ፒንሳ የካንዴላዎቹን ገመዶች ተራ በተራ እየነቀሉ መልሰው ይሰኩ ጀመር። የአንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ዝግ አለ፤ የሁለተኛውና የአራተኛውም ሲነቀል እንዲሁ። የሦስተኛው ሲነቀል ግን ምንም ለውጥ አልታየም። ሥራ የማይሠራ ሰው ቢቀርም ሥራው አይጎድልምና። «በሦስት ነው የምትሄደው» አሉ። (ተማሪዎቻችን ይህን እንዳትሞክሩት አደራ እንላለን፤ በእነዚያ ገመዶች የሚያልፈው ከ10,000 ቮልት በላይ ነው።)

እኛም ከስሕተታችን ሳንማር፣ «እንግዲያው ጋሼ፣ የሦስተኛውን ካንዴላ እንቀይረዋ!» አልን። «የምን መግዛት ነው? ቦታ እናለዋውጣቸዋለን» አሉና ሞተሩን አጥፍተው የሦስተኛውን ካንዴላ ለአንደኛው፣ የአንደኛውን ለሦስተኛው ሰጡ። ጥፋቱ የካንዴላው ቢሆን ከካንዴላው ጋር ወደ አንደኛው በሄደ ነበር። አልሄደም፤ እዚያው ሦስተኛው ዘንድ ቀረ። ገመዱንም እንዲሁ ከአራተኛው ጋር አለዋወጡ፤ ጥፋቱ አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ካንዴላውና ገመዱ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ በነጻ ተሰናበቱ።

ቀጥለው ቁልፍ በፑሌጃው ላይ አግብተው ሞተሩን በእጃቸው አዞሩት፤ እኛንም አስሞከሩን። በእንዲህ ያለ ሞተር በየግማሽ ዙሩ አንድ ሲሊንደር አየር ሲያምቅ ቁልፉ እጅን ይገፋል። ሦስት ጊዜ ገፋን፤ በአራተኛው ግን ያለ ችግር አለፈ። አንዱ ሲሊንደር አየር አይዝም ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እናክል። የእምቅታ መለኪያ ቢኖርና የመመሪያውን ቁጥር ብናስተያይ ኖሮ፣ የአዲስ አበባ አየር ስስ በመሆኑ ጤነኞቹ ሦስቱም ዝቅ ብለው በተገኙ ነበር፤ ችኩል ሰውም አራቱንም በኮነናቸው ነበር። አንዱን ሲሊንደር ከወንድሞቹ ጋር ማስተያየት ግን ከከፍታው ተጽዕኖ ነጻ ነው።

«መኪናዋ እዚሁ ትደር፤ ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ሲበርድ ነው» ብለው ሸኙን። በማግስቱ የቫልቮቹን ክዳን ከፍተው ስስ የብረት መለኪያዎችን በየቫልቩ ጫፍ አስገቡ። በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል መኖር ያለበት ክፍተት እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ0.10 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ይህ የአንድ ተራ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። በሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ላይ ግን ከሁሉም የቀጠነው መለኪያ እንኳ አልገባም። ክፍተቱ ጠፍቷል፤ ቫልቩም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ያልሰማነው ለምንድን ነው? ክፍተቱ የሰፋ ቫልቭ ይንጫጫል፤ ባለቤቱም ሰምቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ክፍተቱ የጠፋ ቫልቭ ግን ድምፅ የለውም። በሰው ዘንድ ዝምታ ወርቅ ነው ቢባልም በቫልቭ ዘንድ የአደጋ ምልክት ነው። ቫልቭ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚያስተላልፈው ተዘግቶ መቀመጫውን በሚነካበት ቅጽበት ነውና፣ በሚገባ ካልተዘጋ እየጋለ ይሄዳል፤ ውሎ አድሮም ይቃጠላል ወይም ይሰበራል። የተሰበረ ቫልቭ ሲሊንደር ውስጥ ከወደቀ ደግሞ ሞተሩን ይዞት ይጠፋል።

ኩሪ በጋራዥ ውስጥ

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው ጽሑፍ አንድ ታላቅ መርሕ አስቀምጧል። በውጤት ላይ የሲሜትሪ ጉድለት ከታየ ያ ጉድለት በመንስኤው ውስጥም መገኘት አለበት የሚል ነው። ይህን መርሕ በውጭ ሀገር ስለ ክሪስታል ስናጠና ተምረነዋል፤ ተፈትነንበታል፤ ጥሩ ውጤትም አግኝተንበታል። ቮልሳችን ፊት ስንቆም ግን አላስታወስነውም።

የአዲስ አበባ አየር ለአራቱም ሲሊንደሮች እኩል ስስ ነው። ካርቡረተሩም የአራቱም ነው። ለአራቱም እኩል የሆነ መንስኤ አንዱን ብቻ ለይቶ ሊያሳምም አይችልም። አራቱም ከታመሙ ካርቡረተሩን፣ የቤንዚን መሥመሩን ወይም የማቀጣጠያውን ሰዓት እንጠረጥራለን። በአንድ ጎን ያሉት ሁለቱ ብቻ ከታመሙ በዚያ ቴስታታ በኩል የሚገባው ቧንቧ አየር ያስገባ እንደ ሆነ እንመረምራለን፤ በዚህ ሞተር ለሁለቱ ሲሊንደሮች የመግቢያው በር አንድ ነውና። አንዱ ብቻ ከታመመ የዚያን የአንዱን ካንዴላ፣ ገመድና ቫልቭ እናያለን። አዛውንቱ መካኒክ የኩሪን ስም ሰምተው አያውቁ ይሆናል፤ በአንዲት ጥያቄ ግን የጥርጣሬውን ዝርዝር በሙሉ ለሦስት ከፈሉት።

በፊዚክሳችን ብንጠቀም ኖሮ ጋራዥ ሳንሄድ ይህን ማወቅ በቻልን ነበር። ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 850 ጊዜ ያህል ሲዞር አራቱ ሲሊንደሮች በጠቅላላው በሴኮንድ 28 ጊዜ ያህል ይተኩሳሉ። ይህ ድግግሞሽ ለጆሮ እንደ እንጉርጉሮ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው የሚተኩሰው ግን በሴኮንድ 7 ጊዜ ያህል ነው። አንዱ ሲቀር መኪናዋን በሴኮንድ 7 ጊዜ የሚያናውጥ ጉድለት ይፈጠራል፤ ይህንንም በወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው በአካሉ ያውቀዋል። መለኪያው እኛው ነበርን፤ ንባቡንም ለወራት ሰምተነዋል፤ አላነበብነውም።

ሥራው ሁሉ የመካኒኩ ብቻ ነበር ብለን ግን አናጋንንም። «የሦስተኛው ነገር ሁሌም እንዲህ ነው፤ ሙቀት ይበዛበታል» ሲሉን ምክንያቱን ጠየቅናቸው፤ ልማዱ እንደዚያ ነው አሉ። አብረን አየነው። በዚህ ዘመን በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የተቀመጠው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚወርደው የአየር መንገድ ላይ ነው፤ ሦስተኛው የሚደርሰው አየር ሌላ ነገር ያቀዘቀዘ፣ አስቀድሞ የሞቀ አየር ነው። ፋብሪካውም ይህን ተረድቶ ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ አውጥቶታል። እርሳቸው የትኛው እንደ ሆነ ያውቁ ነበር፤ እኛ ለምን እንደ ሆነ አስረዳን። እውቀት ሙሉ የሚሆነው እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

በዚህ መካከል ያቺ ከውጭ የመጣችው ጄት ትዝ አለችን። ቤንዚን የበዛበትን ውሕድ ወደ 14.7 ማቅረብ የጭሱን ሙቀት ከፍ ያደርጋል። ሊሰበር በተቃረበ ቫልቭ ላይ እሳት ስንጨምርበት ነበር ማለት ነው። ያልተፈተነ ትክክለኛ ስሌት ገንዘብ ከማባከን አልፎ ጉዳት ያደርሳል።

የእኛ ላብራቶሪ

አሁን ወደ ዋናው ክርክራችን እንምለስ። የፔንዱለም ሙከራ ሪፖርቶችን ለዓመታት አርመናል። ተማሪዎቻችን የስበት ፍጥንጥነትን ሲለኩ ውጤታቸው ደጋግሞ 9.81 ይመጣል። በአዲስ አበባ ግን፣ ለምድር ወገብ ቅርብና ከፍታ ላይ በመሆኗ፣ ትክክለኛው ዋጋ 9.77 ገደማ ነው። በርግጥ በክርና በሰዓት የሚደረግ መለኪያ ይህን ጥቃቅን ልዩነት ለይቶ ለማሳየት አቅም የለውም። ታዲያ ይህ መለኪያ ውጤቶችን ከ9.77 በላይም በታችም ሊበትናቸው ሲገባ ሁሉም 9.81 ላይ መስፈራቸው ምን ይነግረናል? የሚነግረን ተማሪው የለካው ፔንዱለሙን ሳይሆን መጽሐፉን መሆኑን ነው። ጥፋቱም የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ለ9.81 ሙሉ ነጥብ፣ ለ9.6 ግማሽ ነጥብ የሰጠነው እኛ ነን።

እንዲህ የተማረ ሰው ነገ ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም መምህር ይሆናል። የውኃ ፓምፕ ሲቆም፣ ጄኔሬተር ሲያስል፣ የታካሚ ትኩሳት አልወርድ ሲል መልሱን ከመጽሐፍ ይዞ ይመጣና እቃውን ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ብዙ ጋራዦችም ከዚህ አይሻሉም፤ «ይህን ቀይረህ ሞክረው» የሚለው ምክር ስንቱን ባለ መኪና ኪሱን አራግፎታል! በውጭ ምንዛሪ የሚገባ መለዋወጫ በሚጠቀም ሀገር ደግሞ ግምት ውድ ነው።

«ዘመኑ የኮምፒዩተር ነው፤ መኪናው ራሱ ሕመሙን ይናገራል» የሚሉን አሉ። እውነት ነው፤ አዲስ መኪና ላይ መመርመሪያ ሲሰካ «ፒ0303» የሚል ኮድ ሊያወጣ ይችላል። ትርጉሙ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚገባ አይተኩስም ማለት ነው። ለምን የሚለውን ግን አይናገርም፤ ገመድ የመንቀሉን ሥራ ብቻ ተክቶልናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ማጣራት የሰው ሥራ ነው። «የነዳጅ የቤት መኪናዎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ተወስኗል፤ የካንዴላ ነገር ምን ያደርግልናል?» የሚሉም ይኖራሉ። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የብዙ ሕዋሳት ድርድር ነው፤ አንድ ደካማ ሕዋስ ድርድሩን በሙሉ ወደ ኋላ ይጎትታል። እዚያም የመጀመሪያው ጥያቄ ያው ነው፤ ሁሉም ናቸው ወይስ አንዱ?

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። በእያንዳንዱ መንፈቀ ዓመት ቢያንስ አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሆን ተብሎ ለተበላሸ መሣሪያ ይሰጥ፤ ተማሪው ነጥብ የሚያገኘውም በየተራ ያጣራቸውን ጥርጣሬዎች በጻፈበት መዝገብ ይሁን፤ ጥፋቱን ባያገኘው እንኳ። ሁለተኛ፣ ከላብራቶሪው ጥግ አንድ አሮጌ ሞተር ይቀመጥ፤ ዋጋው ለማንም የሚከብድ አይደለም። ሦስተኛ፣ በሥራቸው የተመሰገኑ መካኒኮች በዓመት ለጥቂት ከሰዓት በኋላዎች ይጋበዙ፤ የእንግዳ መምህር ክፍያና ክብርም ይሰጣቸው።

በመጨረሻም የቮልሳችን ነገር እንዳይረሳ። አዛውንቱ ክፍተቱን በካቻቢቴና በቁልፍ በጥቂት ደቂቃ አስተካክለው «ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ይመለሱ፤ ዳግመኛ ከጠበበ ቴስታታው ይወርዳል» አሉን። መኪናዋ ጸጥ ብላ ወደ ቤት ገባች። ሰው ነንና፣ ዳነች ብለን ልንተወው ከጅሎን ነበር። ሆኖም ተመልሰን ስንለካ ክፍተቱ እንደገና ጠብቦ ተገኘ። ቴስታታው ወረደ፤ የቫልቩ አንገት ቀጥኖ ነበር፤ ሳይሰበር ተቀየረ። ጄቷ ዛሬ በቢሯችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። ተማሪ ያልለካውን ቁጥር ይዞ ሲመጣ አንሥተን እናሳየዋለን።

ቸር ይግጠመን።